የብብትና የእጅ ላብን በመርፌ ያስቆመ አለ? የፊት ሽብሽቡስ?

ማኅሌት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ቴለር ነኝ። ከሃይስኩል ጀምሮ ብብቴንና መዳፌን ያልበኛል፤ ክረምት በጋ የለውም። ከነጭና ከጥቁር ውጪ ሸሚዝ መግዛት ትቻለሁ። ብር ስቆጥር እጄ ስለሚርስ ደንበኛ ፊት እሳቀቃለሁ። ከሱፐርማርኬት ያልገዛሁት ዲኦዶራንት የለም። አሁን ደግሞ አንድ የውበት ሳሎን «ላብሽን በቦቶክስ መርፌ እናቆመዋለን፣ የግንባርሽን ሽብሽብም በዚያው እንሠራልሻለን» አሉኝ። እውነት ይሠራል? ያማል? ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? እናቴ «ገንዘብ ከፍለሽ መርዝ ልትወጊ?» ብላ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች።

ሲስተር ሰናይት
ማሂዬ፣ እናትሽ አልተሳሳቱም፤ ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው። በጣም ተመጥኖ ሲሰጥ ግን መድኃኒት ይሆናል። ነርቭ ላብ አመንጪ ዕጢን የሚቀሰቅስበት አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል አለ፤ መርፌው እሱ እንዳይለቀቅ ያግዳል። ጡንቻ ላይ ሲወጋም በዚሁ መንገድ ጡንቻው ይላላል፣ ከላዩ ያለው ቆዳ መሸብሸቡን ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ለቅንድብ መሃል መስመር እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለከባድ የብብት ላብ በ2004 ተፈቅዷል።

ከመርፌው በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ስትተኚ ያልብሻል? ከልጅነት የጀመረ፣ ግራና ቀኙን እኩል የሚያልብ፣ እንቅልፍ ላይ የሚጠፋ ላብ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ በሽታ የለውም። በቅርቡ የጀመረ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ፣ ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ግን ታይሮይድ፣ ቲቢና ስኳር መታየት አለባቸው። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ላብ ያመጣሉ።

ማኅሌት
ተኝቼ አያልበኝም፤ ክብደቴም ያው ነው። አባቴም እጁ እንደኔ ነው።

ዳኒ መካኒኩ
እና ብር ለመቁጠር ስፖንጅ አያስፈልግሽማ! አይዞሽ፣ እኔም የእጅ ላብ ተጠቂ ስለሆንኩ ነው የምቀልደው። የመዳፍ መርፌ ከብብቱ ይለያል። መዳፍ ላይ ሕመሙ ይከብዳል፤ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የጣት ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ተውኩት፤ ቁልፍ ይዤ ብሎን ካላጠበቅኩ ምን ልበላ ነው? ወንድሜ ከውጭ የላከልኝን መሣሪያ ነው የምጠቀመው። እጅሽን ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ ትነክሪያለሽ፣ ቀላል ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ትንሽ ይወርራል እንጂ አያምም። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ደጋግሞ መሥራት ይጠይቃል፤ ሲሻል ይራራቃል። እርጉዝ ሴትና ልብ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው ሰው አይጠቀምም። እቤት በባትሪና በሽቦ ልሥራው የሚል እንዳይኖር!

እመቤት ከሜሪላንድ
እኔ ብብቴን ተወግቻለሁ። እዚህ ኢንሹራንሱ ዝም ብሎ አይከፍልም፤ መጀመሪያ በሐኪም የታዘዘ ጠንካራ የላብ መከላከያ ሞክሬ እንዳልሠራልኝ ማሳየት ነበረብኝ። የሚያልበውን ቦታ ለመለየት አዮዲን ይቀቡና ስታርች ይነሰንሱበታል፤ ላብ ያለበት ይጠቁራል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ቆዳው ውስጥ እዚህም እዚያም ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። የተለመደው መጠን ለአንድ ብብት 50 ዩኒት ነው። ሕመሙ ይቻላል፣ የቅንድብ መነቀል ያህል ነው። ወዲያው እንዳትጠብቂ፤ ሙሉ ለውጡ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እኔን ከግማሽ ዓመት በላይ ቆይቶልኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ግራጫ ሸሚዝ ለብሼ ሠርግ ሄጃለሁ እኮ!

ትዕግሥት
ስለ ፊቱ ልመልስ፣ እኔ ተሠርቻለሁና። በ31 ዓመትሽ ሽብሽቡ ስትኮሳተሪ ብቻ የሚታይ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ። ፊት ላይ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ወር ነው፤ ማለት ወጪው አያልቅም። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ወግታኝ አንዱ ዓይኔ ቆቡ ወርዶ ለሳምንታት እንቅልፋም መስዬ ከረምኩ። በራሱ ተመለሰ፣ ግን ፎቶ የሚባል ነገር ጠላሁ። ለእኔ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይሻላል። ደግሞ ከፊለር ጋር አታምታቺው፤ ፊለር የጎደጎደ ቦታ መሙያ ነው፣ ላብም ጡንቻም አይነካም።

ሲስተር ሰናይት
ዋናው የፈራሁት ሳሎኑን ነው። ይህን መርፌ የቆዳ ሐኪም ነው መስጠት ያለበት። ብልቃጡን ፊትሽ ይክፈቱት፤ ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከፍሪጅ መውጣቱን እይ። ዩኒቱ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፤ የቦቶክስ 50 የዲስፖርት 50 አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ «በስንት ዩኒት፣ የየትኛው?» በይ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ከተወጉ በኋላ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ፣ የጡንቻ መዛል በሽታ ካለብሽ ወይም ጀንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰድሽ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወጊ።

ማኅሌት
ፊቱን ተውኩት፣ እናቴም ትረፍ። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ጋ ልሂድ ወይስ እስከዚያ የምቀባው ነገር አለ?

ሲስተር ሰናይት
አለርት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የቆዳ ሕክምና የቆየ ቤታቸው ነው። የሚቀባውን በተመለከተ፣ 20 በመቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለው ፈሳሽ በፋርማሲ ጠይቂ። ብብትሽን በደንብ አድርቀሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ትቀቢና ጠዋት ትታጠቢዋለሽ። እርጥብ ቆዳ ላይና በተላጨሽበት ቀን አይሆንም፤ ያንገበግባል። ሲቀንስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃሻል።