ልጄ መንተባተብ ጀመረ፣ ዝም ብዬ ልጠብቅ ወይስ?

የባቢ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው፣ ወንድ ነው። ገና በ2 ዓመቱ ጥርት አድርጎ ነበር ሚያወራው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገረምበት ነበር። የዛሬ 7 ወር ገደማ ድንገት መንተባተብ ጀመረ። መጀመሪያ «እ እ እማዬ» ዓይነት ስለነበር ብዙም አልጨነቀኝም፣ አሁን ግን ቃሉ ጭራሽ አልወጣ ይለውና ዓይኑን ጭፍን አድርጎ እግሩን መሬት ይመታል፣ ከዛ ነው ሚወጣለት። ትናንት ማታ «ውሃ» ሊለኝ ፈልጎ እምቢ ሲለው ትቶኝ ሄዶ ወንበር ጎትቶ ራሱ ሊቀዳ ሲንጠራራ አየሁት፣ ያኔ ሆዴ ተላወሰ። አባቱ «ቀስ ብለህ! ትንፋሽ ውሰድ!» ይለዋል፣ አማቴ ደንግጦ ነው ጸበል ውሰጂው ትላለች፣ ጎረቤት ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ስለምትቀላቅሉበት ነው አንዱን ተዉት አሉን። የባለቤቴ አጎትም እስካሁን ይንተባተባሉ። እባካችሁ ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሄኖክ ኤም፦
አይዞሽ እህቴ፣ የእህቴ ልጅም እንደዚህ ሆኖ ከጀመረ በ5 ወሩ በራሱ ተወው። ልጅ ነው ይተወዋል፣ አታካብጂው።

ወራጅ፦
እህቴ እኔ 36 ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ፣ ስለዚህ ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ምንለው ጠፍቶን አይደለም፣ ቃሉን በደንብ እናውቀዋለን፣ እዛው ጉሮሮ ላይ ነው ሚያዘው፣ ልክ በር ስትገፊ ከውስጥ ሰው እንደሚይዝብሽ በይው። ለዛ ነው «ቀስ በል» ማይሰራው፣ ልጁ ሚሰማው አወራርህ ልክ አይደለም ሚለውን ብቻ ነው። እኔ ተማሪ ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አልችልም ነበር፣ ተራዬ እስኪደርስ ልቤ ድው ድው ይልና ስሜ ሲጠራ አፌ ይቆለፋል፣ እዛው ቁጭ ብዬ ቀሪ ተብዬ የተመዘገብኩበት ቀን ብዙ ነው። ካደኩ በኋላ ደግሞ ታክሲ። «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል ከመገናኛ ተሳፍሬ 22 መውረድ ሲገባኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ኡራኤል ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ፣ በዝናብ ጭምር። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አምሮኝ «ሻይ» አዝዣለሁ፣ «ማ» ስለሚይዘኝ። ሌላውን ቃል ትቀይሪዋለሽ፣ የገዛ ስምሽን ግን በምን ትቀይሪዋለሽ?

መዝሙር ስዘምር ወይ ከሰው ጋር አብሬ ሳነብ አይዘኝም፣ ስለዚህ ሰው «ሲፈልግ እኮ ይችላል» ይላል። እሱ አባባል ነው ለኔ ከሁሉም ሚያመው። የኔም እናት ጸበል ወስዳኛለች፣ እምነትሽን ተዪ አልልሽም፣ ግን ልጁ የሆነ ክፉ ነገር አለብኝ ብሎ እንዳያስብ ብቻ ጠብቂው፣ ሙሴም አፈ ኮልታፋ ነበር እኮ። ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ያገኘሁት በ29 ዓመቴ ነው። ቃሉ ሲይዘኝ ከመታገል ይልቅ ላላ አድርጌ መልቀቅ፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ መንተባተብ ነው የተማርኩት፣ ምክንያቱም ግማሹ ችግር ለመደበቅ ሚደረገው ትግል ነው። አሁንም እንተባተባለሁ፣ ግን «ወወወወራጅ አለ» ብዬ በፈለኩበት እወርዳለሁ።

ኡሙ ሐናን፦
በቁርአንም ሱረቱ ጣሃ ላይ ነቢዩ ሙሳ ከምላሴ ቋጠሮውን ፍታልኝ ብለው ዱዓ አድርገዋል። አላህ ያግዝሽ እህቴ፣ ከዱዓው ጋር ባለሙያም አሳዪው።

ሜሪላንድ ያለችው፦
ሄኖክ ወንድሜ ያልከው ለብዙዎቹ ልጆች እውነት ነው። ከ100 ልጅ 5 ያህሉ የሆነ ጊዜ ላይ ይንተባተባል፣ ከነሱ ደግሞ አብዛኞቹ፣ ከ10 ወደ 7 እና 8ቱ ይተዉታል፣ አዋቂ ላይ ሲደርስ ከ100 አንድ ሰው ገደማ ነው ሚቀረው። ችግሩ ማን እንደሚተው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ የዚህ ልጅ ምልክት ግን ዝም ተብሎ ሚጠበቅበት አይደለም፦ ወንድ ነው፣ ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ ነው የጀመረው፣ 7 ወር ሆኖታል፣ በቤተሰብ አለ፣ ዓይኑን እየጨፈነ እየታገለ ነው። እኔ ለልጄ «ይተዋታል» ሲሉኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄ ነው ምቆጨው፣ ስለዚህ እህቴ አሁኑኑ አሳዪው።

መንተባተብ ከድንጋጤ ወይ ከእናት አስተዳደግ ሚመጣ ነገር አይደለም፣ አእምሮ ንግግርን ሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፣ በዘርም ይወርዳል። ከብልህነት ጋር አይገናኝም። ሁለት ቋንቋም አያመጣውም፣ አባቱ በኦሮምኛ ማውራቱን እንዳያቆም፣ ልጁ አባቱን ያጣል እንጂ ሚያተርፈው የለም። መድኃኒት ነው ብሎ ኪኒን ሚሸጥልሽ ካለ አትግዢ፣ እዚህ አሜሪካ እንኳ ለመንተባተብ የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

ቤት ውስጥ ምትችይው፦ እሱን ቀስ በል ከማለት አባቱ ራሱ ቀስ ብሎ ያውራ፣ መሀል መሀል ዝም ይበል። ጥያቄ አታዥጎድጉዱበት። ቃሉን አትጨርሱለት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት። በቀን 5 ደቂቃ ስልክ ሳይነካ ከሱ ጋር ብቻ መጫወት ለኛ ቤት ብዙ ለውጥ አምጥቷል። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሊድከም ሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ ዘዴ አለ፣ ወላጅ ነው ቤት ውስጥ ሚሰራው ግን በቴራፒስት እየተመራ ነው፣ በራስሽ አትጀምሪው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፒች ቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል፣ ባለሙያዎቹ ጥቂት ቢሆኑም አሉ፣ ከዛ ጠይቂ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልጁ 3 ዓመት ከሞላው በሰፈራችሁ ያለውን የመንግስት ትምህርት ቤት በጽሁፍ ጠይቁ፣ ምርመራው በነፃ ነው።

የባቢ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ለባለቤቴ የወራጅን ጽሁፍ አነበብኩለት፣ ብዙ ዝም ካለ በኋላ አጎቱ በሰርግ ላይ ምርቃት ማድረግ እንደማይወዱ አሁን ነው የገባኝ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ መዋዕለ ሕፃናት ያለችው መምህርት ሲይዘው ቶሎ ወደ ሌላ ልጅ ታልፈዋለች፣ እንዳያፍር ብላ ነው። ምን ልበላት?

ወራጅ፦
አትለፊው በያት። ለኔ ያዘነችልኝ መምህርትም እንደዛ ነበር ምታደርገው፣ እኔ ግን ያኔ የተማርኩት ዝም ማለትን ነው። መልሱ ረጅም ጊዜ ቢወስድም ትጠብቀው፣ ከጨረሰ በኋላ ስላለው ነገር ትመልስለት፣ ስለ አወራሩ ሳይሆን። ልጆቹ ከሳቁበት ደግሞ እሱ በሌለበት ሳይሆን እዛው ፊቱ ላይ ታስቁማቸው። መዝሙርና ግጥም በጋራ ሲሉ እሱም ይግባ፣ እዛ ላይ አይዘውም።