አንድ የፋይበር መስመር ለሁለት ቤት፦ ኔትወርኩን እንዴት ልለየው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ጂ ፕላስ 1 ነው፤ ታች አከራዮቻችን፣ ላይ እኛ። የፋይበሩ ሞደም ታች ሳሎን ነው። ከሱ ላን 1 (LAN፣ የቤት ውስጥ ዕቃዎች መሰኪያ) የወጣ 25 ሜትር ካት 6 የኔትወርክ ገመድ በውጭ ግድግዳ ወጥቶ የኛ ራውተር ዋን (WAN፣ የኢንተርኔት መግቢያ) ላይ ይሰካል። የሞደሙም የራውተሩም አድራሻ 192.168.1.1 ስለነበረ መጀመሪያ ኢንተርኔት እምቢ አለ፤ የኛን 192.168.20.1 ሳደርገው ሠራ።

ከታች ወደኛ ምንም አይታይም። ከላይ ግን 192.168.1.64 ብዬ ስጽፍ የአከራዮቹ ካሜራ መግቢያ ገጽ ይከፈታል፤ ፕሪንተራቸውም እንዲሁ። የኛ ትራፊክ በነሱ ኔትወርክ አልፎ ስለሚወጣ ነው። የሰው ጓዳ እንዲህ ክፍት ሆኖ መቀመጡ ልክ አይደለም።

የሞደሙ ዋና አድሚን ፓስወርድ ስለሌለኝ ቪላን (VLAN፣ አንዱን ኔትወርክ ለሁለት የሚከፍል ቅንብር) መክፈት አልችልም። በኛ ራውተር ፋየርዎል ወደ 192.168.1.0/24 (ወደ ታችኛው ኔትወርክ አድራሻዎች በሙሉ) የሚሄደውን ብከለክል ይዘጋል፤ ነገር ግን ቁልፉ በኔ እጅ ነው፣ ለነሱ ዋስትና አይሆንም። የተሻለ የመሰለኝ ለታችም ራውተር ገዝቶ 192.168.10.1 ሰጥቶ ላን 2 ላይ መሰካት፣ ካሜራውንና ፕሪንተሩን ከሱ ኋላ ማድረግ፣ የሞደሙን ዋይፋይ ማጥፋት ነው።

ካሜራቸውን ከውጭ በስልክ ስለሚያዩት ድርብ ናቱ (NAT፣ አድራሻው በሞደሙም በራውተሩም ሁለቴ መቀየሩ) ያስቸግራቸው ይሆን? ደግሞ የክረምቱ መብረቅ ያሰጋኛል፤ የውጩን ገመድ በፋይበርና በሚዲያ ኮንቨርተር (የኤሌክትሪክ ሲግናልን ወደ ብርሃን በሚቀይር ዕቃ) የተካ ካለ ምን ዓይነት ልግዛ?