ኤችኤንኤፍ4 አልፋ በቺፕ አልያዝ አለኝ
በሄፕጂ2 (የሰው የጉበት ካንሰር) ሴሎች ኤችኤንኤፍ4 አልፋ የተባለው ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የኤፒኦሲ3 ጂን ኢንሃንሰር (የጂኑን ሥራ የሚያጎላ የዲኤንኤ ክፍል) ላይ መቀመጡን በቺፕ-ኪውፒሲአር (ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ይዞ አብሮት የወጣውን ዲኤንኤ በመለካት) ለማየት እየሞከርኩ ነው። ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን በ1% ፎርማልዲሃይድ ለ10 ደቂቃ አያይዤ በ125 ሚሊሞላር ግላይሲን አስቆምኩ። ሶኒኬሽኑ (ዲኤንኤውን በድምፅ ሞገድ መቆራረጡ) ከ200 እስከ 500 ቤዝ ጥንድ ሰጥቶኛል፣ ጄሉ ንጹህ ነው። ለ25 ማይክሮግራም ክሮማቲን (ዲኤንኤ ከፕሮቲኖቹ ጋር) 5 ማይክሮግራም አንቲቦዲ ጨመርኩ።

የኤች3ኬ4ኤምኢ3 (ንቁ ፕሮሞተሮች ላይ የሚገኝ የሂስቶን ምልክት) ኮንትሮል በጂኤፒዲኤች ፕሮሞተር ላይ በደንብ ወጣ፤ የኤችኤንኤፍ4 አልፋው ግን ከአይጂጂ (ፕሮቲኑን ለይቶ ከማይይዝ የማነጻጸሪያ አንቲቦዲ) አይለይም። ያው አንቲቦዲ በዌስተርን ብሎት ፕሮቲኑን ያሳያል፤ እዚያ ግን ፕሮቲኑ ተፍታቶ ስለሚቀርብ ብዙም አያስተማምንም። ኤፒቶፑ (አንቲቦዲው የሚይዘው የፕሮቲኑ ክፍል) ተሸፍኖ ይሆናል ብዬ ማያያዣውን ወደ 5 ደቂቃ ባወርድም ለውጥ የለም። የማጠቢያውን ጨው ከ500 ወደ 250 ሚሊሞላር ስቀንስ ደግሞ አይጂጂውም አብሮ ከፍ አለ።

መጀመሪያ ለቺፕ የተፈተነ ሌላ አንቲቦዲ ልቀይር ወይስ ከፎርማልዲሃይዱ በፊት ዲኤስጂ (ፕሮቲንን ከፕሮቲን የሚያያይዝ ኬሚካል) ልጨምር?