ጥቆማ፦ ለ22 ዓመት እህቴ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት አዲስ አበባ የት ይሻላል?

ጠያቂ፦ ጤና ጣቢያ ስንጠይቅ የመንግሥት ክትባት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሴት ልጆች ነው ተባልን። ስለዚህ በግል ልናስከትባት ነው። አንዱ ክሊኒክ ጋርዳሲል የሚባለው ክትባት ባለ 4 አለኝ ይላል፣ ሌላው ባለ 9። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። የቱን ትመክሩናላችሁ?

ፋርማሲስቷ፦ ባለ 4ቱ የሚከላከለው ኤችፒቪ የተባለውን፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ 6፣ 11፣ 16 እና 18 ዓይነቶች ነው። ባለ 9ኙ 31፣ 33፣ 45፣ 52 እና 58ን ይጨምራል። ከ10 የማህፀን በር ካንሰር 7ቱ የሚመጣው ከ16 እና ከ18 ነው፤ እነዚህ በሁለቱም ውስጥ አሉ። አቅም ካለ ባለ 9ኙ፣ ከሌለ ባለ 4ቱን አሁኑኑ። ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ።

ሳሪስ፦ ፒያሳ ያለውን የእኛን ክሊኒክ ሞክሩ። ቤተሰባችን ለ20 ዓመት ሌላ ቤት አያውቅም።

ኮልፌ፦ ስሙን አልጠራም እንጂ እኛ የሄድንበት ቦታ ብልቃጡን ያወጡት ከፍሪጁ በረዶ ቤት ሥር ነው። ሳጥኑ ላይ በረዶ ነበር!

ነርስ ነኝ፦ ደግ ነው ያየኸው። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። አንዴ በረዶ ከሆነ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይረጋና ኃይሉ ይጠፋል፤ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣላል። ደህናው ሲናጥ አንድ ወጥ ነጭ ደመና ይሆናል። ተናጦም ቅንጣት ከታየበት እንዳትወጋ።

ሳሪስ፦ የእኛ ክሊኒክ እንዲህ አያደርግም።

ነርስ ነኝ፦ ወንድሜ፣ 20 ዓመት መኖሩ የፍሪጁን ሙቀት አይነግረንም። ጠዋትና ማታ የሚሞላ የሙቀት መዝገብ አላቸው ወይ? እሱን ያሳዩ።

አያት፦ እናቴ 52 ዓመቷ ነው፣ እሷንም ላስከትባት?

ፋርማሲስቷ፦ ክትባቱ የቆየ ኢንፌክሽን አያድንም። እትዬን የሚያስፈልጋቸው ምርመራ ነው። ለ30–49 ዓመት ቪአይኤ (የማህፀን በርን በዓይን የማየት ምርመራ) አለ፤ የማህፀን በሩ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይቀባና 1 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ካረጡ በኋላ ግን የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ቪአይኤ አያስተማምንም፤ የቫይረሱን ዲኤንኤ የሚፈልገውን ምርመራ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ ወደ እህቴ እንመለስ። አንዱ 2 ጊዜ፣ ሌላው 3 ጊዜ ነው የሚለን። ማነው የሚያጭበረብረን?

ፋርማሲስቷ፦ ማንም። የአምራቹ መመሪያ ከ15 ዓመት ጀምሮ በ0፣ በ2 እና በ6 ወር 3 ጊዜ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ21 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች በ6 ወር ልዩነት 2 ጊዜ ይበቃል ብሏል። ኤችአይቪ በደሟ ካለ 3ቱን ትጨርስ።

ጠያቂ፦ የወር አበባዋ ላይ ናት፣ ይከለከላል?

ነርስ ነኝ፦ አይከለከልም። እርጉዝ ከሆነች ግን እስክትወልድ ይቆይ። ቁርስ በልታ ትሂድ፤ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ፣ ወጣቶች ከተወጉ በኋላ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። የምርቱን ስምና የባች ቁጥሩን ካርዷ ላይ ያስጽፉ፣ ለቀጣዩ ዶዝ ያስፈልጋል።