አስተናግር የጠጣ ልጅ፦ ፕሮሜታዚን ይሰጠዋል?

ደብረ ብርሃን ነን። የ17 ዓመት ልጃችን ኪስ ውስጥ እሾሃማ የደረቀ ፍሬና ጥቁር ዘር አገኘን፤ አስተናግር ነው፣ አጠፋሪስ የሚሉት። በሻይ አፍልቶ ጠጥቶታል። ሌሊቱን የሌለ ሰው ሲያናግር፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ነገር ሲለቅም አደረ። ፊቱ ቀላ፣ አፉ ደረቀ፣ ሽንት እምቢ አለው። ጤና ጣቢያ ሽንቱን በቱቦ አወጡለት፤ የልቡ ምት ሲረጋጋ ለቀቁት።

ይሄ እንደ ኤልኤስዲ (ቅዠት የሚያመጣ ዕፅ ነው) ሴሮቶኒን በሚባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠራ አይደለም። በዘሩ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን ኬሚካል፣ የአሴቲልኮሊንን ሥራ ይዘጋሉ፤ ጨጓራንም ስለሚያዘገዩ ቶሎ አይለቅም። ስንት ዘር ስንት መርዝ እንደያዘ ደግሞ አይገመትም።

አሁን አእምሮው ተመልሷል፤ የዓይኑ ብሌን ግን እንደሰፋ ነው፣ ቅርብ ያለ ጽሑፍ አይነበብለትም። ለማቅለሽለሹ የታዘዘለት ፕሮሜታዚን ያንኑ አሴቲልኮሊን ስለሚዘጋ አልሰጠነውም። መድኃኒቱን ብሌኑ እስኪመለስ እናቆየው ወይስ በሌላ መድኃኒት እናስቀይር?