ዱባይ የምታስተምሩ ወገኖች እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ

ሰላም ወገን፣ ዱባይ ወይ አቡዳቢ ኢንተርናሽናል ስኩል የሰራችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ዱባይ አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው፣ አላድስም ስላቸው የኤችአር (የሰራተኞች ጉዳይ ክፍል) ሴትዮዋ "እንግዲያው የቪዛ ወጪያችንን ትመልሳለህ" አለችኝ። እኔ የማውቀው በ2022 ስራ ላይ የዋለው የሰራተኛ ህግ የቅጥር ወጪ ከሰራተኛው ላይ አይወሰድም እንደሚል ነው፣ ተሳስቻለሁ?

ሌላው የስንብት ክፍያው ነው። እስከ አምስት አመት አገልግሎት ለየአመቱ የ21 ቀን ቤዚክ ሳላሪ (አበል ሳይጨመር መነሻ ደሞዙ) ነው አይደል፣ ደሞዜ 9,000 ድርሃም ሆኖ የኤምሬትስ የሰራተኛ ሚኒስቴር ጋር የተመዘገበው ኮንትራት ላይ ግን ቤዚኩ 3,500 ብቻ ነው፣ የቀረውን አላውንስ እያሉ በታትነውታል፣ ኦፈር ሌተሬ (መጀመሪያ የላኩልኝ የቅጥር ደብዳቤ) ላይ እንደዚህ አይልም ነበር። (እንግሊዛዊው ባልደረባዬ በዚያው ክፍለ ጊዜ ብዛት ቤትም የቤተሰብ ትኬትም አለው፣ እሱስ ይቅር።)

ከሁሉ የከፋው ኦርጅናል ዲግሪዬ እነሱ ጋር መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይና የኤምሬትስ ኤምባሲ ስመላለስ ማህተም ያስመታሁበት፣ ክሊራንስ (የመልቀቂያ ርክክብ) ሳትጨርስ አንሰጥም ይላሉ። ሚኒስቴሩ ጋር የከሰሳችሁ፣ ቪዛ ካንስል ሳይደረግ ነው ወይስ ከተደረገ በኋላ የሄዳችሁት? ደሞ ርእሰ መምህሩ ተናዶ ሪፈረንስ (የስራ ምስክርነት) ቢከለክለኝ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ያለሱ ይቀበላል?