ሥራ አለኝ፣ የተጠራሁበትን ግን አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?

ወልደ ማርያም (ጠያቂ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼ። 24 ዓመቴ ነው፤ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ እየሠራሁ ነው። አንድ ሰሞን ዲቁና፣ አንድ ሰሞን ውጭ አገር፣ ሲከፋኝ ደግሞ ገዳም ያምረኛል። «የፈጠርከኝን ምክንያት አሳየኝ» እያልኩ እጸልያለሁ፤ ምልክት ግን አላየሁም። ጸሎቴም አይጸናም። ከንስሐ አባቴ ጋር የምንገናኘው ቤት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ብቻ ነው። በተግባር ምን ላድርግ?

የአብነት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ምልክት መጠበቁን ለጊዜው ተወውና 1ኛ ሳሙኤል 3ን አንብብ። ብላቴናው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ዔሊ ነው የሮጠው። ድምፁ የማን እንደሆነ የለየለት ሽማግሌው ካህን ነው። በነጋም ጊዜ የቤተ መቅደሱን ደጆች ከፈተ ይላል። ጥሪው የመጣው በቤተ መቅደሱ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ላለውና ከአባት አጠገብ ላለ ልጅ ነው። ከጻፍከው እንደተረዳሁት አንተ የጎደሉህ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጸሎትህ የማይጸናው አብዝተህ ስለምትጀምር ይመስለኛል። ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት በአንድ ቀን አትሸከማቸውም። በነግህና በመኝታ ጀምር። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት 5 መዝሙር። ዳዊት «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር፤ ግማሽ ንጉሥ በቀን ካደረስክ 150ው በ30 ቀን ያልቃል። ብዙ ወጣት በቀን አንድ ሙሉ ንጉሥ ብሎ ይነሣና ሥራ ሲበዛበት ያቋርጣል። አንድ ቀን ካመለጠህ በማግሥቱ 10 አድርገህ ልትከፍል አትሞክር፤ ካቆምክበት ቀጥል። ዕዳው ሲከመር ነው ሰው ዳዊቱን የሚዘጋው። የሚነበበው ደግሞ ከመጽሐፍ እንጂ ከስልክ አይሁን፤ መልእክት በገባ ቁጥር ልብህ ይሄዳል። ስግደቱን ንስሐ አባትህ ይወስኑልህ፣ በራስህ አትጨምር።

ኃይለ ገብርኤል፦
የንስሐ አባቱን ነገር ላስፋው፤ ዋናው እሱ ነውና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አትያዛቸው፤ ደክመዋል፣ ሰውም ይከባቸዋል። በሥራ ቀን ከሠርክ ጸሎት በኋላ ቀጠሮ ጠይቃቸው። ንስሐህንና ምክርህን አትደባልቅ፦ መጀመሪያ ንስሐህን ግባ፣ ለምክሩ ሌላ ቀን ያዝ። ለምክሩ ስትሄድ ግማሽ ገጽ ጽፈህ ሂድ። ሰዎች ሳታቀርብላቸው እየመጡ የሚጠይቁህ እርዳታ ምንድን ነው? በደመወዝህ የሚተዳደር ማን አለ? ዕዳ አለብህ? ማንም ሳያስገድድህ ደጋግመህ የምትመለስበት ሥራ የትኛው ነው? ዲቁናውን፣ ስደቱንና ገዳሙን አንድ ላይ ካፈሰስክባቸው «ጸልይ ልጄ» ብለው ይሸኙሃል፤ አይፈረድባቸውም። አንዱን ብቻ አንሣ።

ጊዜ ከሌላቸው አስፈቅደህ ወደ ሌላ አባት መዛወር ይቻላል። ሁለት አባት ይዞ ደስ ያለውን መልስ መምረጥ ግን ራስን ማታለል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እንደመጣ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ ለራስ ትንቢት ማድረግም እንዲሁ። ገንዘብ ተቀብሎ የትዳርህንና የጉዞህን ቀን ከሚነግርህ «ባሕታዊ» ሽሽ።

ምናሴ፦
ሙያህን ንቀህ ጥሪህን ሌላ ቦታ አትፈልግ። በአጥቢያህ ሙዳይ ምጽዋት ሲቆጠር ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ደረሰኝ የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱም ሒሳብ መርማሪ ይፈልጋል። አንድ ቦታ ያዝና 6 ወር ሳትቀር ሥራ። በየወሩ ክፍል የሚቀያይር ወጣት የትኛው እንደሚስማማው አያውቅም፣ የሚያውቁት አባቶችም ሊመሰክሩለት አይችሉም።

ዲቁናውን በተመለከተ፣ ንባቡንና የቅዳሴ ዜማውን ማታ ማታ ከመምህር እግር ሥር ተማር። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አንዱ ዲያቆን ተኝቶ ከቀረ ሌሎቹ ሰው ፍለጋ ይሮጣሉ። ሌሊት መነሣት ካቃተህ ቀድመህ ልመደው። ቅደም ተከተሉንም እወቅ፦ ዲያቆን በድንግልና ከቆየ በተክሊል (በቤተ ክርስቲያን የአክሊል ጋብቻ) ያገባል፣ ከዚያ ይቀስሳል። ቅስና ከተቀበሉ በኋላ ጋብቻ የለም። ስለዚህ የትዳርና የክህነት ሐሳብህ አብረው መታሰብ አለባቸው።

የአብነት ተማሪ፦
ገዳሙ ላይ አንድ ልጨምር። «ሲከፋኝ ያምረኛል» ያልከው ያሳስበኛል። ደስ ባለህ፣ ደመወዝ በተጨመረልህ ሳምንትም ያምርሃል? የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በቤተ ክርስቲያን ማቴዎስ 19፥21 ሲነበብ ሰምቶ ንብረቱን ሰጠ፤ እህቱን ግን ለታመኑ ደናግል አደራ ሳይሰጥ አልሄደም። ወደ በረሃ ከመግባቱም በፊት በመንደሩ አቅራቢያ ከነበረ አረጋዊ ተምሯል። አንተ በፍልሰታ ፈቃድ ወስደህ ሱባኤ ግባ። ጸሎቱን ብቻ አትይ፤ ውኃ ቅዳ፣ እንጨት ተሸከም። አመክሮ፣ ማለትም ከምንኩስና በፊት ያለው የፈተና ጊዜ፣ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ወልደ ማርያም፦
ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ሐሙስ ከሠርክ በኋላ ቀጥረውኛል፤ ለንስሐው ነው። የምክሩን ግማሽ ገጽ ስልኬ ላይ ብጽፈው ችግር አለው?

ኃይለ ገብርኤል፦
ወረቀት ላይ ይሁን። ስልክ ይደወላል፣ ሰውም ያየዋል። የምክሩ ቀን ሲደርስ አንብብላቸው፣ የሚሉህን በጀርባው ጻፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘህ ተመለስ።